መጋዘን የሌለው ሰው ደብተር ይኑረው

ኅዳር ሲገባ ሚዛን ተፈሪ ቡና ቡና ትሸታለች። በማለዳ ገበያው ዳር የቆመ ሰው ጀንፈል የጫኑ ሞተሮች በጭቃ ተለውሰው ከየቀበሌው ሲመጡ ያያል። አቅራቢ የላከው ሰብሳቢ ሚዛኑን ሰቅሎ ይጠብቃል። ጆንያው ይሰቀላል፤ መርፌው ተወዛውዞ ይቆማል። ገበሬው አንገቱን ዘርግቶ ያያል፤ ሰብሳቢው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል። ብር ይቆጠራል፤ ቀጣዩ ጆንያ ይመጣል። እስከ ቀትር ድረስ እንዲህ እየተባለ ሲመዘን እስክሪብቶ የያዘ ሰው አላየሁም።

«ጋሼ፣ አይጽፉትም እንዴ?» ብዬ ዕድሜ የጠገቡ አንድ ሰብሳቢ ጠየቅሁ። በጣታቸው ግንባራቸውን ነካ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ የደላላ ደብተሩ እዚህ ነው» አሉኝ። ዙሪያቸውን የቆሙት ሁሉ ልክ ናቸው አሉ። እኔ ያን ቀን አልተስማማሁም። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ሁሉ ደግሞ ይበልጥ እንዳልስማማ አድርጎኛል።

የምከራከረው ስለ ሰብሳቢ ብቻ አይደለም። በሰው ዕቃና በሰው ገንዘብ መካከል ቆሞ ድርሻውን ስለሚበላ ሰው ሁሉ ነው። በቴፒ የኮረሪማና የጥምዝ ነጋዴን ከገበሬው አገናኝቶ በኪሎ የሚከፈለው፣ ቤት የሚያከራየው ደላላ፣ የቴሌብር ወኪል ሆኖ በየዝውውሩ ኮሚሽን የሚያገኘው፣ ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆና የመርካቶ ነጋዴን ጫማ በቴሌግራም የምትሸጠው ተማሪ፣ አፊሊየት ማርኬቲንግ በሚባለው መንገድ የውጭ ኩባንያን ዕቃ በሊንክ የሚያስተዋውቀው ወጣት፣ ሁሉም የአንድ ሙያ ልጆች ናቸው። ዕቃው የእነሱ አይደለም፤ ገዢውም የእነሱ አይደለም። የእነሱ የሆነው ሽያጩ ሲያልቅ የሚቆረጥላቸው ቁራሽ ነው።

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ ኮሚሽን የሚበላ ሰው ደብተር አያስፈልገውም የሚል። ምክንያቶቹን በሚገባቸው ክብር ላቅርባቸው። አንደኛ፣ ካፒታል የለው፣ ዕቃ የለው፣ ምኑን ይመዘግባል? ድርሻውን በቃሉ ያውቀዋል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ የሚኖረው በመተማመን ነው፤ ወረቀት ያወጣህ ቀን አላመንኩህም ማለትህ ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ሲቆጠር በረከቱ ይሸሻል ይላሉ። አራተኛውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት፤ የጻፍከውን ግብር ሰብሳቢ ያነበዋል የሚል ነው። ዘመነኞቹ ደግሞ አምስተኛ ጨምረዋል፤ ስልኩ ይጽፍልኛል ይላሉ። እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ባለሱቁ ደብተር ባይኖረው እንኳ መደርደሪያውን አይቶ የጎደለውን ያውቃል። ኮሚሽን በል ግን መደርደሪያ የለውም፤ ሀብቱ ሁሉ በሌሎች ሰዎች እጅና አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ከማንም በላይ ደብተር የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ከጭንቅላት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቴፒ አካባቢ ለአንድ አቅራቢ ሁለት ወቅት ጀንፈል ሰብስቤያለሁ። በኪሎ ሁለት ብር ነበር የተዋዋልነው። በመጀመሪያው ወቅት እንደ ሽማግሌው ደብተሬ ግንባሬ ላይ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ለሒሳብ ስንቀመጥ 62 ኩንታል አስገብቻለሁ አልኩ። የአቅራቢው ጸሐፊ ትልቅ መዝገብ ገልጦ ቆጠረና 57 አለኝ። ደሜ ፈላ። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። «አምስቱን ኩንታል ምን ቀን ነው ያስገባኸው? ቀኑን ንገረኝና ከመኪናው ጋር ላመሳክርልህ» አለኝ። ቀኑን አላውቀውም። ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ የትኛው አይሱዙ እንደጫነው፣ አንዱንም መናገር አልቻልኩም። ኩንታሎቹ በሌላ ሰብሳቢ ስም ተመዝግበው ይሆናል፤ እኔም ተሳስቼ ይሆናል። 1,000 ብሬን ጥዬ የወጣሁት ስለተሰረቅሁ ነው ብዬ መማል አልችልም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበርን፣ የተጻፈ የያዘው አንዱ ብቻ ነበር፣ እውነቱም እሱ የጻፈው ሆነ።

ጭንቅላት ጥሩ ደብተር ነው የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ጭንቅላት አንተን ብቻ ያሳምናል፤ ሌላ ሰው ገልጦ ሊያነበው አይችልም። ክርክር በተነሳ ሰዓት ያንተ ትዝታ ከእሱ ትዝታ አይበልጥም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶች ስለ ቤተ ክርስቲያን ብራና ብቻ የተናገሩት አይመስለኝም።

በሁለተኛው ወቅት የ12 ብር ደብተር ገዛሁ። የገዛሁት አቅራቢውን ለመያዝ ነበር፤ የያዝኩት ግን ራሴን ነው። በዚያ ወቅት 94 ኩንታል ሰበሰብኩ፤ በኪሎ ሁለት ብር ሲታሰብ 18,800 ብር ነው። ለዘመዶቼም ዘንድሮ ወደ 19 ሺህ ሠራሁ ብዬ ነበር። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አንድ ማታ ተቀምጬ የወጪውን ገጽ ደመርኩት። ለሞተር 45 ጊዜ ከፍያለሁ፣ በየጉዞው 120 ብር፤ 5,400። ለተሸካሚ በኩንታል 15 ብር፤ 1,410። ለካርድ ለ90 ቀን በቀን 20 ብር፤ 1,800። በ60 የገበያ ቀን ምሳና ቡና፣ በቀን 70 ብር፤ 4,200። ሄደው ያልተመለሱ 30 ጆንያዎች በ40 ብር፤ 1,200። ጠቅላላው 14,010 ብር። ከ18,800 ላይ ሲነሳ የቀረኝ 4,790 ብር ነው። አራት ወር ሮጬ የሠራሁት በቀን 40 ብር ገደማ መሆኑ ነው።

ከመሃላቸው አንዱም ወጪ ከባድ አልነበረም። ያቺ 20 ብር ካርድ፣ ያቺ 15 ብር ተሸካሚ ማንንም አታስደነግጥም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ናት። ጭንቅላታችን ገቢን ይይዛል፣ ወጪን ይለቃል፤ ደስ ያለንን እናስታውሳለን፣ የሚያልፍ የመሰለንን እንረሳለን። በቃሉ የሚሠራ ኮሚሽን በል ወቅቱ ሲያልቅ «ብዙ ሠርቼ ነበር፣ የት እንደገባ አላውቅም» የሚለው ለዚህ ነው። የገባበት ቦታ አለ፤ ያልጻፈው ሞተርና ያልጻፈው ጆንያ ውስጥ ነው። እኔ ከዚያ ማታ በኋላ ከሁለት ሰብሳቢዎች ጋር ተስማምተን ለየብቻ ሞተር መቅጠር ትተን አንድ መኪና በጋራ መከራየት ጀመርን። ይህን ያስተማረኝ ምክር አይደለም፤ 5,400 የሚል ቁጥር ነው።

አሁን ወደ መተማመን። ይህ ክርክር ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። በደቡብ ምዕራብ የቡና ንግድ በእርግጥ በቃል ይኖራል። አቅራቢ ያለ አንዳች ፊርማ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ብር ለሰብሳቢ ሰጥቶ ወደ ጫካ ይልካል፤ ገበሬው እሸት ቡናውን ዛሬ አስረክቦ ገንዘቡን ለሳምንት ይጠብቃል። ይህን መተማመን ማንም እንዲያፈርሰው አልሻም። ግን መጻፍ ይህን ያፈርሳል የሚሉት ሰዎች ሁሉ የዕድር አባላት ናቸው። ዕድራቸው ጸሐፊ አለው። በየወሩ ስም ይጠራል፣ መዋጮ ይመዘገባል፣ የቀረ ሰው ቅጣት ይጻፍበታል። ዕቁባቸውም ጸሐፊ አለው፤ ዕጣው ለማን እንደወጣ፣ ማን እንደከፈለ፣ ማን ዋስ እንደሆነ ይሰፍራል። የዕቁብ ጸሐፊው መዝገቡን ሲገልጥ «ለካ አታምነንም» ብሎ የተነሳ አባል አይቼ አላውቅም። እንዲያውም ዕቁብና ዕድር በዚህ አገር ለረጅም ዘመን የቆዩት ስለሚጽፉ ነው ብዬ አምናለሁ። ባህላችን መጻፍን አይጠላም። ለሞታችን እንጽፋለን፣ ለቁጠባችን እንጽፋለን፤ ለእንጀራችን ሲሆን ብቻ ነው መጻፍ ነውር የሚሆንብን።

ሕጉም በዚህ ላይ የቆየ አቋም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ፍርድ ቤት በመሐላ ወይም በእምነት ቃል ካልሆነ በቀር በጽሑፍ ብቻ እንዲረጋገጥ ይላል። ሰብሳቢ ለገበሬ ቅድሚያ ሲሰጥ፣ አቅራቢ ለሰብሳቢ ሲያበድር፣ ይህ ሁሉ በየዕለቱ ከ500 ብር በላይ ነው። ነገሩ ሰላም እስከሆነ ድረስ ማንም ሕጉን አያስታውስም። ሰላሙ ሲደፈርስ ግን ባዶ እጁን ፍርድ ቤት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ደሃው ነው። መተማመን የሚጠፋው ስለተጻፈ አይደለም። ሁለት ቅን ሰዎች ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው ሲለያዩ ነው የሚጠፋው።

በረከት ይሸሻል ለሚሉት ያለኝ መልስ ከሃይማኖታቸው የሚወጣ ነው። ክርስቲያኑ አሥራት ያወጣል። ከአሥር አንዱን ለማውጣት አሥሩን ማወቅ አለበት። ሙስሊሙ ዘካ ያወጣል፤ ዓመት የሞላው ገንዘብ ከአርባ አንድ እጅ ይወጣበታል። አርባውን ሳይቆጥር አንዱን እንዴት ያወጣዋል? ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የምእመናን መዋጮ በደረሰኝ ይቀበላሉ። ፈጣሪ በቁጥር የሚሸሽ ቢሆን ኖሮ ድርሻውን በቁጥር ባልጠየቀ። በቃሉ የሚኖር ነጋዴ አሥራቱንም ዘካውንም በግምት ያወጣል፤ በግምት የወጣ ምጽዋት ደግሞ አንድም ያንሳል፣ አንድም ልጆቹን ያስርባል።

ግብርን በተመለከተ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር የሚጣላው እዚህ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ፍርሃቱ የተወለደው ከባዶ አይደለም። ግን ይህ ፍርሃት ሰዎቹን የሚመራቸው ወደዚያው ወደሚሸሹት ነገር ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን የማያስታውስ ነጋዴ የለም። ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የቀን ገቢ ገመቱ። መዝገብ ያልያዘው አነስተኛ ነጋዴ ላይ የተወሰነው በዓይን በታየው ነበር፤ የሰው ብዛት፣ የመደርደሪያ ሙላት፣ የቤቱ ስፋት። ግምቱ በዛብን የሚል ቅሬታ አገሩን ሞላው፤ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች እስከመዘጋት ደረሱ። የተቆጣው ሰው ተቃውሞ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለጊዜው እንተወው። አንድ ጥያቄ ግን እንጠይቅ፤ በቀን ይህን ያህል አልሸጥኩም የሚል ነጋዴ በምን ያስረዳል? መልሱ «እመኑኝ» ብቻ ከሆነ ገማቹም «እመነኝ» ይለዋል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ መዝገብ ካላቀረበ ባለሥልጣኑ ግብሩን በግምት እንዲወስን ይፈቅድለታል። ግምት እንግዲህ ደብተር በሌለበት ባዶ ቦታ ውስጥ የሚገባ ነው።

ኮሚሽን በል ላይ ደግሞ ግምት እጥፍ ይከብዳል። በእጁ የሚያልፈው ብር ብዙ ነው፤ የእሱ ግን ጥቂት ነው። በአንድ ወቅት 94 ኩንታል የሰበሰበን ሰው ከሩቅ ያየ ገማች የሚያየው የ94 ኩንታልን ገንዘብ ነው። ኪሎው 100 ብር ቢሆን 940,000 ብር ማለት ነው። የእኔ ድርሻ 18,800 መሆኑን፣ ከዚያም ውስጥ 14,010 በመንገድ መቅረቱን ማን ይነግርልኛል? ያ የ12 ብር ደብተር ነው። ግብር ዜግነት የሚያስከፍለው ዕዳ ነው፤ መክፈል አለብን። ግን የማናገኘውን ገቢ ግብር እንዳንከፍል የሚከላከልልን ጠበቃ የራሳችን ጽሑፍ ነው።

ስልኩ ይጽፍልኛል የሚሉት ወጣቶች ናቸው፤ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ግን እዚህ ላይ ተታልለዋል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መቀበል በሚዛንም በቴፒም የዕለት ነገር ሆኗል። መልእክቱ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ ይላል። የገባው ብር ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገና ያልገባውን አያውቀውም። ኮሚሽን በል ከሁሉ በላይ መያዝ ያለበት ያልተከፈለውን ነው፤ የተከፈለውማ ተከፍሏል።

አንዲት ተማሪ ያጋጠማትን ላንሳ። ከመርካቶ ነጋዴ በ2,800 ብር የሚታሰብላትን ጫማ በቴሌግራም ቻናሏ በ3,100 ትሸጣለች፤ 300ዋ የእሷ ናት። በአንድ ወር 14 ጥንድ ሸጠች፤ 43,400 ብር በስልኳ ገባ። ከዚህ ውስጥ 39,200 የነጋዴው ነው፤ የእሷ 4,200 ብቻ። ስልኩ ግን ሁለቱን አይለይም፤ 43,400 የሚል አንድ ቁጥር ያሳያታል። የቤት ኪራይ ከዚያ ከፈለች፣ ለእናቷ ከዚያ ላከች፣ የተመለሰ ጫማ ትራንስፖርት ከዚያ ሰጠች። በወሩ መጨረሻ ነጋዴው ገንዘቡን ሲጠይቅ ጎደለባት። ልጅቱ ሌባ አይደለችም። የሰው ገንዘብና የራሷ ገንዘብ በአንድ ድስት ውስጥ ስለገቡባት ነው። በደብተር ላይ ቢሆን ኖሮ በየሽያጩ ትይዩ 2,800 የእሱ፣ 300 የእኔ ብላ ትለየው ነበር። በዚህ ሙያ ውስጥ ስማቸው የጠፋ ብዙ ሰዎች ሌቦች አልነበሩም፤ ያልለዩ ነበሩ።

በሊንክ የሚሠሩትም ከዚህ አያመልጡም። አማዞን ይህን አሠራር የጀመረው በፈረንጆቹ 1996 ነው፤ ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች ተከትለውታል። ሰው ሊንክህን ነክቶ ከገባ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ዕቃውን ወደ ቅርጫቱ ካላስገባ በአማዞን ሕግ ድርሻ የለህም፤ ዕቃው ከተመለሰም ኮሚሽኑ አብሮ ይመለሳል። ሒሳቡን የሚይዘው ኩባንያው ነው፤ አንተ የምታየው እሱ የሚያሳይህን ነው። ይህ ከኔ አቅራቢ መዝገብ በምን ይለያል? ጸሐፊው በሩቅ አገር ተቀመጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ሌላ ሰው የያዘልህ ደብተር የእሱ ደብተር ነው። በየሳምንቱ የት ምን እንዳስተዋወቅህ፣ ስንት ሽያጭ እንደታየልህ፣ ስንቱ እንደተሰረዘ፣ ስንቱ እንደተከፈለህ በራስህ እጅ ካልያዝክ የተሳሳተውን የምታውቅበት መንገድ የለም።

ነገሩን ከፍ ብለን ብናየው ደግሞ በቡናው መንገድ ላይ የማይጽፈው ከታች ያለው ሰው ብቻ ነው። ቡናው ቦንጋ ካለው የምርት ገበያ መጋዘን ሲደርስ ይመዘናል፣ ናሙና ይወሰድለታል፣ ተቀምሶ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ምርት ገበያ ዋጋውን በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ለሕዝብ ያሳውቃል። ላኪው ውል አለው፤ ባንኩ ሰነድ አለው፤ መርከቡ ሰነድ አለው። እያንዳንዱ ድርሻውን በወረቀት ይቀበላል። ጽሑፉ የሚጀምረው ከሰብሳቢው አንድ እርምጃ ከፍ ብሎ ነው። የሚጽፉት ድርሻቸውን ይጠይቃሉ፤ የማይጽፈው የተሰጠውን ይቀበላል።

የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2023 ያወጣው ደን የተመነጠረበትን ምርት የሚከለክል ደንብም ቡናን ይመለከታል። ተግባራዊነቱ ቢራዘምም ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ካልታወቀ አልገዛም ይላል። ለደቡብ ምዕራብ የጫካ ቡና ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የትኛው ጆንያ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ገበሬ እንደመጣ የሚያውቀው የመጀመሪያው ሰው ሰብሳቢው ነው። ያን የጻፈ ሰብሳቢ ነገ በኪሎ ከሚከፈለው በላይ ዋጋ ያለው ዕውቀት ይዟል። ያልጻፈው ግን ያንን ዕውቀት በየማታው ከጭቃው ጋር ከእግሩ ያጥበዋል።

መጻፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የራሳችን አገር ታሪክ ይመሰክራል። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የእንግሊዝ ቆንስላ ሆኖ ማጂ የነበረው ሪቻርድ ዌሊ ከዚህ አካባቢ ጫካ የጌሻን ቡና ፍሬ ሰብስቦ ላከ። ዘሩ በኬንያና በታንጋኒካ አልፎ በፈረንጆቹ 1953 ኮስታሪካ ካለው የምርምር ማዕከል ደረሰ፤ እዚያም ቲ 2722 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ ወደ ፓናማ ገባ። በፈረንጆቹ 2025 በፓናማ ጨረታ አንድ ኪሎ የጌሻ ቡና ከ30,000 ዶላር በላይ ተሸጧል። ያ ዘር ከጫካ እስከ ጨረታ ሳይጠፋ የደረሰው በየቦታው የጻፈው ሰው ስለነበረ ነው። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር የቆንስላው ስም ይጠራል፤ ቁጥሩም ይጠራል። ጫካውን መርቶ ፍሬውን ያሳየው የዚህ አገር ሰው ስም ሲጠራ ግን አልሰማሁም። የመጀመሪያው ደላላ እሱ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ከሻጭ ተፈጥሮና ከገዢ መካከል የቆመው። ስሙን የጻፈለት የለም፤ እሱም አልጻፈም።

ለሚቃወሙኝ ሰዎች አንድ ነገር አምንላቸዋለሁ። ሁሉም ሰው አይጽፍም። ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ካፍኛ፣ ማጃንግኛ በሚነገርበት አገር በአማርኛ ጻፍ ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ግን ደብተር ቋንቋ አይመርጥም። በሚናገሩበት ቋንቋ መጻፍ ይቻላል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ለያንዳንዱ ጆንያ መስመር ሊያሰምር፣ ለተከፈለው መስቀል ሊያደርግበት ይችላል። ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ ልጁ ማታ ማታ ለአባቱ ቢጽፍ ለሁለቱም ትምህርት ነው። ጊዜ የለኝም የሚለው ሰው ደግሞ ገበያ ላይ ሚዛኑ እስኪቆም የሚጠብቃትን ያችን ጊዜ ያስብ፤ አንድ መስመር ለመጻፍ ትበቃለች።

የምለው ደብተር የተማረ ሒሳብ ሠራተኛ አይጠይቅም። ገጹ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፤ ቀን፣ ከማን ለማን፣ ስንት ኪሎ ወይም ስንት ዕቃ፣ የእኔ ድርሻ ስንት፣ መቼ ተከፈለኝ። በትይዩ ገጽ ወጪ፣ ያቺን 15 ብር ጭምር። ከአምስቱ ዓምዶች የመጨረሻው ባዶ ሆኖ የቆየበት መስመር ሁሉ ሰው እጅ ያለ ገንዘብህ ነው፤ ደብተሩ የሚገለጠው እሱን ለማየት ነው። በሳምንት አንድ ማታ ይደመር። በወር አንድ ጊዜ ከከፋዩ መዝገብ ጋር ፊት ለፊት ይመሳከርና ሁለቱም ይፈርሙበት። ይህን ሲያደርጉ ያየኋቸው ሰዎች ወዳጅነታቸው አልቀዘቀዘም፤ እንዲያውም ታኅሣሥ ላይ የሚያጣላቸው ነገር አጡ።

ግንባራቸውን ነክተው «ደብተሩ እዚህ ነው» ያሉኝ ሽማግሌ አረፉ። ለቅሶው ላይ ድንኳን ተተከለ፤ የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ መጣ። ገጹን ሲገልጥ አየሁት። ስማቸው አለ፣ የየወሩ መዋጮ ተሟልቶ አለ፣ አንድም የቀረ ወር የለም። ለቤተሰቡ የሚገባው ገንዘብ በዚያው ሳምንት ተቆጥሮ ተሰጠ፤ ማንም አልተከራከረም። ከሠልስት በኋላ ባለቤታቸው ወዳጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ልጆቼ፣ ማን ዘንድ ምን ቀርቶ እንደሆነ የምታውቁ ንገሩኝ» አሉ። ሁለት ሰዎች ራሳቸው ተነስተው የያዙትን አመጡ፤ ፈጣሪ ይስጣቸው። ከዚያ በኋላ ዝም ተባለ። የቀረ ገንዘብ ይኑር አይኑር፣ ከማን ይሁን፣ ስንት ይሁን የሚያውቅ አልነበረም። ሰላሳ ዓመት የሮጡበት ሥራ ሒሳቡ እዚያ ግንባር ላይ ነበር፤ እሱም ከሦስት ቀን በፊት አፈር ለብሷል።